ለልጆቻችን መጽሐፍ ስንመርጥ፤ የራሳችን የንባብ ታሪክ ምን ይለናል?

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላሉ አበው። አባባሉ በብዙ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በንባብ ጉዳይ ግን ታሪካችን ሲመረመር የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። አማርኛ ባለፉት መቶና ከዚያ በላይ ዓመታት አንባቢ ያፈራው በአብዛኛው ወጣቱ ራሱ ባቦካው፣ ማለትም ራሱ መርጦ፣ አንዳንዴም ከታላላቆቹ ተደብቆ ባነበበው መጽሐፍ ነው። ታላላቆች "ይጠቅመዋል" ብለው የመረጡለት መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ተከብሮ ተቀመጠ እንጂ አልተነበበም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ከታሪክ አንጻር ለማሳየትና፣ ዛሬ በባዕድ አገር ልጅ የምናሳድግ ወገኖች ምን ልንማርበት እንደምንችል ለመጠቆም የሚሞክር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምኖርበት ከሮክቪል ልነሣ። ሮክቪል የሞንትጎመሪ ካውንቲ መቀመጫ ናት፤ የካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ይገኛል። ይህ ጽሕፈት ቤት ለወላጆች የሚልካቸውን ማስታወቂያዎች ከሚያስተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በጎረቤታችን በዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከወጣ በኋላ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ገብቷል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በምግብ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱና በታክሲው ውስጥ ቋንቋችን ይሰማል። እንግዲህ ልጆቻችን አማርኛ የሚሰሙበት ቦታ አላጡም። ያጡት ሌላ ነገር ነው። አማርኛ ሲናገራቸው ምን ይላቸዋል? "ጫማህን አውልቅ፣" "የቤት ሥራሽን ሠራሽ?"፣ "ለእንግዳ ተነሥ!" ይላቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ስለ ዘንዶ፣ ስለ መርማሪ፣ በሌሊት ስለሚጠፋ መርከብ ያወራቸዋል። በልጆቻችን ጆሮ አማርኛ የትእዛዝ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የጀብዱ ቋንቋ ሆኗል። ይህ ሁኔታ ካልተለወጠ የቅዳሜ ትምህርት ብቻውን የትም አያደርሰንም።

በብዙዎቻችን ሳሎን አንድ መደርደሪያ አለ። "ፍቅር እስከ መቃብር" አለበት፤ "ክብረ ነገሥት" አለበት፤ ከአዲስ አበባ ዘመድ በሻንጣ ይዟቸው የመጡ ጥራዞች አሉበት። ልጁን "አንብብ፣ ማንነትህን እወቅ" እንለዋለን። ልጁም ጀርባቸውን አይቶ ያልፋል። ወላጅ በልጁ ያዝናል፤ ልጅም አባቱ ከዓመት እስከ ዓመት ከመደርደሪያው አንዱን እንኳ ሲያወርድ ስላላየ ይገረማል። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ከመጨቃጨቅ በፊት፣ እኛ ራሳችንና አባቶቻችን እንዴት አንባቢ እንደሆንን ማስታወስ ይበጃል።

በቀድሞው ሥርዓት ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ ንባብ ይሻገርና ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ተማረ ይባል ነበር። የሚያነበው ቋንቋ ግዕዝ በመሆኑ ያነበበውን ሁሉ ይረዳዋል ማለት አልነበረም። ታሪክ የሚሰማው ማታ እሳት ዳር ነው። አያቲቱ "ተረት ተረት" ስትል ልጆች "የመሠረት" ይሉና ጦጣና ቀበሮ፣ አያ ጅቦና አህያ፣ ብልጥና ሞኝ ይመጣሉ። ስለዚህ የልጅነት ሥነ ጽሑፋችን ሁለት ቤት ነበረው። የንባቡ ቤት የግዴታ፣ የተረቱ ቤት የደስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ ሁለቱን ቤቶች በአንድ ጣራ ሥር ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመጀመሪያው ሙከራ የተሳካ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ "ጦቢያ" እያልን የምንጠራው "ልብ ወለድ ታሪክ" የአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ ነው፤ የዘርፉ ስም ራሱ የተወረሰው ከእርሱ ነው። በውስጡ ምን አለ? ጦርነት አለ፤ የተማረከ የጦር አለቃ አለ፤ በባርነት የተሸጠ ወጣት አለ፤ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትንከራተት ልጃገረድ አለች። መጽሐፉ ሃይማኖታዊ ትምህርት አለው፤ ግን ትምህርቱ የሚመጣው አንባቢው "ቀጥሎስ ምን ትሆን?" እያለ ከተከተለ በኋላ ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይጽፉለታል?

ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ወደ ምክር አዘነበለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ"ወዳጄ ልቤ" (1915 ዓ.ም.) እና በ"አዲስ ዓለም" (1925 ዓ.ም.) ወጣቱን ሊያስተምሩና አገሪቱን ሊያዘምኑ ጻፉ። "አዲስ ዓለም" ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር ሲጋጭ የሚያሳይ ነውና ለስደተኛ ልጅ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ዳሩ ግን ገጸ ባሕርያቱ ከሚኖሩት ይልቅ የሚናገሩት ይበዛል። የዘመኑ ሰዎች መጽሐፍን ከሁሉ በፊት እንደ መምህር ነበር የሚያዩት። ይህንን ልማድ እኛም ሳናውቀው ወርሰናል።

"ከበደ ሚካኤልስ?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። "ታሪክና ምሳሌ" ከዳር እስከ ዳር ምክር ነው፤ ሆኖም በትምህርት ቤት ያነበቡት ትውልዶች ዛሬ በሰባ ዓመታቸው በቃላቸው ይወጡታል። ይህ ግን የምናገረውን አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል። ደራሲው ምክሩን ያስቀመጡት ከተረቱ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንስሳቱ ይናገራሉ፤ ይሸዋወዳሉ፤ ቤት የሚመታው ግጥም በአፍ ላይ ይጣፍጣል። ልጅ ምክሩን የሚያገኘው ከሣቀ በኋላ ነው። ሁሉም አጫጭር ናቸው። የተረቱ ቤትና የንባቡ ቤት የተገናኙበት አንዱ ሥፍራ ይህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው የተረት ስብስብ መሆኑ፣ ስሙንም ከእሳት ዳሩ ጨዋታ ወስደው "ተረት ተረት የመሠረት" ማለታቸው ድንገት የሆነ አይመስለኝም። የ"ፍቅር እስከ መቃብር" ደራሲ ከልቦለዱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የተረት ለቃሚ ነበር።

በዚያው ዘመን የእኛ ተረቶች ሌላ መንገድም ጀምረው ነበር። ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 "የተራራው እሳት" የሚል ርእስ ያለው የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ለአሜሪካ ልጆች በእንግሊዝኛ አወጡ። ብሬንት አሻብራነርና ራስል ዴቪስ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ለመርዳት በአሜሪካ መንግሥት ተልከው ሄዱ። ለንባብ መጽሐፍ የሚሆን ታሪክ ፍለጋ በየክፍለ ሀገሩ ተዘዋወሩ፤ ከለቀሙትም እ.ኤ.አ. በ1959 "የአንበሳው ጢም" የተሰኘውን መጽሐፍ ለአሜሪካ አንባቢ አሳተሙ። ልብ እንበል፤ የኢትዮጵያ ተረት በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የልጆች መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የእኛ ስደት ከመጀመሩ በፊት ነው። ልጆቻችን እዚህ ሲወለዱ ተረታቸው ቀድሟቸው ደርሶ ይጠብቃቸው ነበር። እኛ አላነሣንላቸውም።

በ"የተራራው እሳት" ውስጥ ያለውን አርእስተ ተረት ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን እናውቀዋለን። አርሃ የሚባል አገልጋይ ልብስም እሳትም ምግብም ሳይኖረው በተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን እንዲያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ብልህ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድድለታል፤ አርሃ እሳቱን እያየ ብርዱን ይችለዋል። ጌታው ግን "እሳት ማየት እሳት መሞቅ ነው" ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይስማማል። ከዚያ ሌላ ሰው ድግስ ደግሶ ጌታውንና ዳኛውን ይጠራና ሽታውን ብቻ አሽትቷቸው ያስቀምጣቸዋል። በዚህም ፍርዱ ይገለበጣል። ይህን ተረት ባሰብኩ ቁጥር የሳሎናችን መደርደሪያ ትዝ ይለኛል። መጽሐፉን ገዝቶ መደርደር የድግስ ሽታ ነው፤ ማንንም አያጠግብም። ያም ሆኖ ከማዶ ያለ እሳት ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ሌሊቱን እንዲያነጋ ይረዳል። ለስደት ልጅ አገር ማለት እንዲህ ያለ እሳት ነው። ግን ማዶ ወጥቶ የሚያነድደው ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ወጣቱ የራሱን መጽሐፍ መምረጥ ጀመረ። የአቤ ጉበኛ "አልወለድም" በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፤ እገዳው ተፈላጊነቱን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። ማሞ ውድነህ የስለላና የጦርነት ታሪኮችን በአማርኛ እያቀረቡ አንባቢ አፈሩ፤ ሊቃውንቱ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ቁም ነገር ባይቆጥሯቸውም ስንቱ ተማሪ ሌሊቱን በሻማ ያነጋው በእነሱ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ሰፊ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ተረጎመው፤ ወረቀቶቹ በድብቅ ወጥተው በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። ለእስረኛ የሚጠቅመው የትግል ጽሑፍ ነው ብሎ የሚከራከር በዚያ ዘመን አይጠፋም ነበር። ሰው ያን ሁሉ አደጋ የተቀበለው ግን ለታሪክ ሲል ነው። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ"ን ጽፎ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። መጽሐፉ ከገበያ ሲለቀም ሰው እየተቀባበለ አነበበው። ያጓጓ ስለነበረም ዛሬ ድረስ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ልጆቻችን እጅ ሊገባ ችሏል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲታተም አንብቦ ያጣጣመው በከተማ ያለው የተማረው ክፍል ነበር። ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን በየቤቱ ያስገባቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያሰማው ትረካ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናት ከልጇ ጎን ተቀምጣ ሰማችው። በቴሌቪዥንም አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ጎልማሶች ያለቀሱት ለዚህ ነው። ንባብ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ በዓይን ከመግባቱ በፊት በጆሮ ገብቷል።

ታሪኩን በአንድ ሰው ሕይወት ጠቅልሎ ማየት ካስፈለገ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሉ። ነገሌ ቦረና ያደጉት ዮሐንስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ያ መጽሐፍ የፍልስፍና ድርሳን አልነበረም፤ ተራ የፍቅር ልቦለድ ነበር። እሱ ግን በሩን ከፈተው። እ.ኤ.አ. በ1981 ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሠሩ። ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ሲያጡ የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በማጂ ካደገችው ደራሲ ከጄን ከርትዝና ከሌሎች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሄደ። ይህ ሁሉ የመነጨው አንድ ጎረምሳ ደስ ብሎት ካነበበው መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ አንድ ታላቅ ሰው መጥቶ "ይህ አይጠቅምህም" ብሎ ነጥቆት ቢሆን ኖሮስ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕድሜና የቋንቋ ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን እንቀበል። እዚህ ያደገ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አእምሮው የአሥራ ሦስት ዓመት፣ የአማርኛ ንባቡ ግን የአንደኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። "ሀ በሉ" የሚለው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ያዋርደዋል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ሰፊ ልቦለድ ደግሞ ይጥለዋል። ዛሬ በኢንተርኔት በሁለት ቋንቋ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹን ያዘጋጁት እንደ እኛው በስደት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። አብዛኞቹ ግን በፊደል፣ በቀለምና በፍራፍሬ ስም ያበቃሉ። ለጎረምሳው አጭር፣ ሹል፣ የሚያስቅ ነገር ያስፈልገዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። በአምስት መስመር ያልቃሉ፤ ቅኔው ሲገባው ይስቃል፤ ሲስቅ ቋንቋው የእሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ ለመድረስ በእንግሊዝኛ መጀመር አያሳፍርም። ለትንንሾቹ የጄን ከርትዝ ባለ ሥዕል ተረቶች አሉ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆኑት በ1846 እ.ኤ.አ. ጎንደር ስለምትኖር ልጅ የምትተርከው "ሳባ" አለች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቅማንት ልጅና ዓይነ ሥውር የቤተ እስራኤል ልጅ አብረው ወደ ሱዳን የሚሰደዱበት ልቦለድም በዚህችው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ልቦለድ ልጆቻችን በሚያውቁት በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ሰፈር ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው፤ መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች ነው። እነዚህን አንብቦ የጓጓ ወጣት "በአማርኛስ ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መደርደሪያው ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ እኛ የወደድነውን እነሱ በሌላ ዓይን ቢያዩት አንቆጣ። "ነገም ሌላ ቀን ነው" ለእስር ቤት አንባቢ የጽናት መጽሐፍ ነበር። ከሮክቪል በስተደቡብ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ግን የጆሳያ ሄንሰን ሙዚየም አለ። ሄንሰን በዚያ እርሻ ላይ በባርነት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1830 ወደ ካናዳ ያመለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሃሪየት ቢቸር ስቶው "የአጎቴ ቶም ጎጆ"ን ስትጽፍ መነሻ ከሆኗት አንዱ ነው። ያን ቦታ ጎብኝታ የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ልጃችን የባሪያ አሳዳሪዎቹን ዓለም ናፍቆት በሚያሳምር ልቦለድ ላይ ጥያቄ ብታነሣ ልክ ናት። "ጦቢያ"ንም ሲያነቡ "አረመኔ የተባሉት እነማን ናቸው?" ይሉናል፤ በአንዳንድ ተረቶቻችን ውስጥ ያሉ የዘርና የባርነት ቃላትንም ይጠይቁናል። ይህ መጽሐፉን ለመደበቅ ሳይሆን አብሮ ለማንበብ ምክንያት ነው። ጥያቄ ያመጣ መጽሐፍ ተነብቧል ማለት ነው።

እዚሁ ሮክቪል በቅድስት ማርያም የመቃብር ሥፍራ የስኮት ፊትዝጀራልድ መቃብር አለ። ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት "ታላቁ ጋትስቢ" ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሞት የተረሳ መጽሐፍ ነበር። ከትንሣኤው ምክንያቶች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ100,000 በላይ ቅጂ በኪስ በሚገባ መጠን ታትሞ ለወታደሮች በነፃ መታደሉ ነው። ፈተና አልነበረበትም። ወታደሩ ደስ ካለው ያነበዋል፤ ካልሆነ ለጓደኛው ይሰጠዋል። እኛም ለልጆቻችን ይህን ነፃነት እንስጣቸው፤ አምስት መጽሐፍ አቅርበን አራቱን ይተዉ። አንዱን ምዕራፍ ራሳችን ጮክ ብለን እናንብብላቸው፤ ታሪኩ ሊፈነዳ ሲል እናቁም። "ምን ተማርክበት?" የሚለውን ጥያቄም ለጊዜው እንተወው።

በ"የአንበሳው ጢም" ውስጥ አንዲት የእንጀራ እናት የልጁን ፍቅር ለማግኘት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂው የአንበሳ ጢም እንድታመጣ ያዝዛታል። ሴቲቱ በየቀኑ ሥጋ ይዛ፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ እየቀረበች፣ አንበሳው ሲለምዳት ጢሙን ትነቅላለች። ይዛው ስትመለስ አዋቂው መድኃኒት አልቀመመላትም፤ አንበሳውን እንዳለመደችው ልጁንም እንድታለምደው ነገራት። እኛ እስካሁን ልጆቻችንን እየጠራን "ና፣ ጢሜን ንቀል" ስንል ኖረናል። ሥጋውን ይዞ መሄድ የእኛ ፋንታ ነው።

ሮክቪል፣ ሜሪላንድ